ስለ ሂፕኖሲስ ሕክምና፤ አሠራሩና ከእርሱ ሊጠበቅ የሚገባው
(በየካ አባዶ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)




ስለ ሂፕኖሲስ ሕክምና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አስቀድሞ ያሳሰበኝ ሕክምናው ሳይሆን ስሙ ነበር። በዚህ በየካ አባዶ አንድ መንገደኛ አቁመን «ሂፕኖሲስ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ ቃሉን ሰምቶት እንደ ሆነ የሚመልስልን «ማፍዘዝ» ብሎ ነው። ማፍዘዝ ከተባለ ደግሞ ሐሳቡ ወዲያው ወደ አፍዝ አደንግዝ ይሄዳል፤ ይኸውም ሌባ በድግምት ሰውን አደንዝዞ የአንገት ሐብሉን በገዛ እጁ አስወልቆ ይወስዳል ወደሚባለው ወሬ ነው። «ሰመመን» የሚለው መልካም ቃል እንዳይተካው በቀዶ ሕክምና ክፍል ተይዟል፤ ሰመመን ተሰጠው ሲባል ራሱን የማያውቅ፣ የማይሰማ፣ የማይናገር በሽተኛ ማለት ነውና። ስለዚህ የውጭውን ቃል እንዳለ ልጠቀምበት ወስኛለሁ።

እርሱም ቢሆን ከስሕተት የጸዳ አይደለም። ጄምስ ብሬይድ የተባለ በማንቸስተር ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ሲያስተዋውቅ የወሰደው እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑን፣ ይልቁንም አእምሮ በአንድ ሐሳብ ላይ መጽናቱ መሆኑን ተረዳና ስሙን ሊለውጠው ሞከረ፤ ሳይሳካለት ቀረ። ከዚህም የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚህ ሕክምና የሚመጣ ሰው ሁሉ «ታስተኛኛለህን?» ብሎ ይጠይቃል። አናስተኛውም። የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ ቢለካ የሚገኘው የነቃ ሰው ሞገድ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ከመገናኛ ወደ አባዶ በታክሲ ሲጓዝ ሐሳብ ይዞት መውረጃውን ያለፈ ሰው ከመካከላችሁ የለም? ዐይኑ ተከፍቶ ነበር፤ ረዳቱ ሲጣራ ጆሮው ይሰማ ነበር፤ ትኩረቱ ግን ተሰብስቦ ወደ አንድ ነገር ስለ ገባ የውጭው ዓለም ለጊዜው ርቆበት ነበር። ሂፕኖሲስ ይህንኑ የሁላችንን ችሎታ በፈቃድ፣ በሥርዓትና ለሕክምና ዓላማ ማዋል ነው። ትኩረት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በዙሪያ ያለው ይደበዝዛል፤ በዚያን ጊዜ ሰውየው ለሚሰጠው ጥቆማ የሚኖረው ምላሽ ይጨምራል። «ክንድህ እየቀለለ ነው» ቢባል ክንዱ የቀለለው ይመስለዋል፤ ዝም ብሎ ለማስደሰት ሳይሆን ስሜቱ በእውነት ይለወጥበታል።

አሠራሩን በትርጓሜ ከማብዛት አንዲት እናት ባስተማሩኝ ነገር ልግለጠው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ከመሐል ከተማ ወደዚህ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የመጡ ሴት የፈላ ዘይት ተደፍቶባቸው ቀኝ ክንዳቸው እስከ ክርን ተቃጥሎ ነበር። ቁስሉ በየሁለት ቀኑ መታጠብና ፋሻው መለወጥ ነበረበት። የተቃጠለ ገላ ሲታጠብ ያየ ሁሉ ሕመሙን ያውቀዋል። ከሕመሙ ይልቅ የከፋው ግን ዋዜማው ነበር፤ ሴትዮዋ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይመጡና ገና ከበሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ሲስተሯ «ልቤ አልቻለም» ብላ ጠራችኝ።

አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር ማውራት ብቻ ነው። ምን እንደሚፈሩ፣ ከዚህ በፊት ሕመምን እንዴት እንደቻሉት፣ ስለ ሂፕኖሲስ ምን እንደሰሙ ጠየቅሁ። ምንም አልሰሙም፤ እፎይ አልሁ። ከዚያ በኋላ «እናቴ፣ ሐሳብዎን ወስደው ሊያሳርፉበት የሚወዱት ቦታ የት ነው?» አልኋቸው። በተማርሁባቸው መጻሕፍት በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚመከረው የባሕር ዳርቻና አሸዋ ነው። እኒህ ሴት ባሕር አይተው አያውቁም።

«ምን ቦታ አለኝ ልጄ፤ ልጅነቴ ከእንጦጦ ጭራሮ ስሸከም አለቀ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ውሃው ግን ደስ ይል ነበር» ሲሉ ጨመሩ። ሸክማቸውን አውርደው የሚያርፉበት፣ ከተራራው ገመገም ላይ አንድ ምንጭ ነበረ። ክንዳቸውን እስከ ክርን ያስገቡበት ነበር፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ ክንዱ የእኔ ነው አይባልም አሉ።

ሥራው እዚያው ተገኘ። የታዘዘላቸውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ወሰዱ። ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ፣ ትንፋሻቸውን እንዲከተሉ፣ ሲያስወጡ ትከሻቸውን እንዲለቅቁ ነገርኋቸው። ቀስ እያልን ተራራውን ወጣን፤ የባሕር ዛፉን ሽታ፣ ጀርባቸው ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድ የሚሰማውን መቅለል፣ የውሃውን ድምፅ እየጠራሁ አስከተልኋቸው። «ከትልቁ ድንጋይ በላይ ባለው ውሃ ውስጥ ክንድዎን ያግቡ» ባልሁ ጊዜ ዐይናቸውን ሳይገልጡ በረጋ ድምፅ «ውሃው ከድንጋዩ በታች ነው» ብለው አረሙኝ።

ይህን እርማት አደራ አትርሱት። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ፈቃዱን የተቀማ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ የት እንዳለ ለእኔ ባልነገረኝም ነበር። ያልወደደውን ጥቆማ ይተወዋል፤ የተሳሳተውን ያርመዋል፤ መነሣት ቢፈልግ ይነሣል። በመድረክ ላይ ለትዕይንት የሚቀርበው ሂፕኖሲስ ሰውን እንደ አሻንጉሊት የሚያዝዝ የሚመስለው፣ ወደ መድረኩ የሚወጣው ሰው አስቀድሞ ለመታዘዝና ለማሳቅ ፈቅዶ የወጣ ስለሆነ ነው።

ሲስተሯ ቁስሉን አጠበች። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ አልጮኹም። ወደ ክፍሉ እንዲመለሱ ቀስ ብዬ ከቈጠርሁላቸው በኋላ ሕመሙን ጠየቅኋቸው። «አልጠፋም፤ ግን ራቅ ብሎ የሌላ ሰው ሕመም ይመስል ነበር» አሉ። በሦስተኛው ቀን እኔ ከመድረሴ በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አላስፈለግኋቸውም። ከዚህ ሕክምና ሊጠበቅ የሚገባውም ይኸው ነው፤ በሽተኛው ዘዴውን ተምሮ ይዞት ይሄዳል።

ሴትዮዋ የተናገሩት ቃል፣ ሳያውቁት፣ ከተመራማሪዎች ግኝት ጋር የሚስማማ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ፒየር ሬንቪልና ባልደረቦቹ በሞንትሪያል ባደረጉት ጥናት ፈቃደኞች እጃቸውን 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገቡ። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆነው የሕመሙ አስከፊነት እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር ጥቆማ ሲሰጣቸው፣ ፔት በሚባለው መሣሪያ በተነሣው የአንጎል ምስል አንቴሪየር ሲንጉሌት የተባለው ክፍል እንቅስቃሴ ከጥቆማው ጋር ተለወጠ። ስሜቱን ከቆዳ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ግን ያን ያህል አልተለወጠም። እንግዲህ ሕመም አንድ ነገር አይደለም፤ «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» የሚለው ወሬ አንድ ነው፤ «አልቻልሁም» የሚያሰኘው ጭንቅ ሌላ ነው። ጥቆማው ሁለተኛውን ሲነካ የመጀመሪያው ባለበት ሊቆይ ይችላል። ጥቆማው ስለ ሕመሙ ብርታት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ስሜት ተቀባዩ ክፍልም እንደሚለወጥ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የቃሉ አመራረጥ በአንጎል ውስጥ የሚደርስበትን ሥፍራ ይወስናል ማለት ነው፤ ይህን ነገር ባሰብሁት ቍጥር ይደንቀኛል።

በሕክምና ክፍል የተደረጉት ጥናቶችም ጥቂት አይደሉም። ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ኤልቪራ ላንግና ባልደረቦቿ በ2000 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሙሉ ሰመመን ሳይሰጣቸው በደም ሥርና በኩላሊት ላይ ሕክምና የሚደረግላቸውን 241 በሽተኞች በሦስት ምድብ ከፈሉ። ለአንዱ የተለመደው እንክብካቤ፣ ለሁለተኛው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው፣ ለሦስተኛው ይህ ሁሉ ከሂፕኖሲስ ጋር ተሰጠ። ሥራው በመጀመሪያው ምድብ በአማካይ 78 ደቂቃ ሲፈጅ በሂፕኖሲሱ 61 ደቂቃ ፈጀ። የተወሰደውም መድኃኒት በግማሽ ያህል አነሰ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አጠገቡ የሚያዳምጠው ሰው ብቻ በነበረው ምድብም መድኃኒቱ የቀነሰው በዚያው ልክ ነው። የሂፕኖሲስ ወዳጆች ይህን ቍጥር ሲያልፉት አያለሁ፤ እኔ ግን እጅግ የምወደው እርሱን ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለጡት ቀዶ ሕክምና ከሚገቡ 200 ሴቶች ከፊሎቹ የ15 ደቂቃ ሂፕኖሲስ አግኝተው፣ ካላገኙት ይልቅ ሕመማቸውም ማቅለሽለሻቸውም የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሆድን እየነፋና እየቈረጠ የሚያሠቃይ፣ በምርመራ ግን ቁስል የማይገኝበት የአንጀት ሕመም አለ፤ ለእርሱም ከ1984 እ.ኤ.አ. የማንቸስተር ጥናት ጀምሮ መልካም ውጤት ታይቷል። ለጭንቀትና ለወሊድ ምጥ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው እኩል አይደለም። ሲጋራ ያስተዋል እየተባለ በየአገሩ የሚነገርለት ማስታወቂያ ግን ከማስረጃው ብዙ የቀደመ ነው።

ሁሉም ሰው እኩል አይቀበልም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ. ከተዘጋጀው መመዘኛ ወዲህ እንደሚታወቀው ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በጣም ይቀበላሉ፤ ያንኑ ያህል የሚሆኑት ምንም ያህል አይቀበሉም፤ የቀረነው መካከል ላይ ነን። ይህ ዝንባሌ ከ25 ዓመት በኋላ ዳግም ሲለካ እንኳ ብዙም አይለወጥም። ከየዋህነት ወይም ካለመማር ጋር የሚያገናኘውም ነገር የለም። ስለሆነም ያልተሳካለትን በሽተኛ «አልተባበርክም» ብሎ መውቀስ በደል ነው።

አሁን ወደ ሁለት ሕፃናት ልውሰዳችሁ። የመጀመሪያው የፓሪስ ልጅ ነው። በ1784 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሐኪሙ ፍራንዝ ሜስመር በማይታይ መግነጢሳዊ ፈሳሽ ሕሙማንን እፈውሳለሁ ማለቱን እንዲመረምሩ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቯዚዬ ያሉበትን ጉባኤ አቆመ። በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ አንድ ዛፍ «ኀይል» ተሰጠውና ዐይኑ የታሰረ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተመራ። ልጁ በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ኀይል የተሰጠው ዛፍ ግን ሌላ ነበር። ጉባኤው ፈሳሹ የለም፣ ያደረገው ግምት ነው ሲል ፈረደ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሆኖም ልጁ መውደቁ እውነት መሆኑን ብዙዎች ዘንግተውት ቆዩ።

ሁለተኛው የእኛው ልጅ ነው። ሌባ ሻይ ሲባል የሰማችሁ ታስታውሳላችሁ። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይደነዝዛል፤ ወገቡ በመቀነት ተይዞ በየሠፈሩ ይሮጣል፤ ገብቶ በወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ይህ በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሳይቀር ይሠራበት የነበረ የምርመራ ሥርዓት ነው። በመጠጡ ውስጥ መድኃኒት ስለነበረ ሁሉንም ለቃል ሥራ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን የፓሪሱ ልጅ በተሳሳተው ዛፍ ሥር እንደወደቀ የእኛው ልጅም በተሳሳተው በር ስንት ጊዜ ወድቆ ይሆን? ዛፉ አልታሰረም፤ ሰውየው ግን ታስሯል።

ይህን ማንሣቴ በከንቱ አይደለም። ዛሬም «የጠፋኝን ነገር በሂፕኖሲስ አስታውሰኝ»፣ «ማን እንዳደረገብኝ አውጣልኝ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ እንዳስጠነቀቀው በሂፕኖሲስ የሚገኝ ትዝታ ከሌላው ይልቅ እውነተኛ አይደለም፤ ልብ ወለድ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ የሚጨምረው የተናጋሪው እርግጠኝነት ነው። ባልሆነው ነገር እርግጠኛ የሆነ ሰው ጎረቤቱን ያስከስሳል፣ ቤተሰቡን ያፈርሳል። ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አይሆንም የሚል ብቻ ነው።

በአገራችን ሰው ትኩረቱ ተወስዶ፣ ሰውነቱ ተለውጦ የሚታይበት ሌላም ልማድ አለ። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር የዛርን ሥርዓት ተከታትሎ ጽፏል፤ ሳይመን መሲንግ ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ዛርን እንደ ማኅበራዊ የሕክምና ጉባኤ አድርጎ ተረጐመው። ከበሮው፣ ቡናው፣ ጉሪው፣ በዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ትኩረትን ይሰበስባል፤ ተስፋን ያነሣሣል። ነገር ግን የዛሩ ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ሌላ ነው። በሂፕኖሲስ ሕክምና ልጓሙ በበሽተኛው እጅ እንዲቆይ እንደክማለን።

ጠበልን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። እምነት የራሱ ሥፍራ አለው፤ ጠበልን ሂፕኖሲስ ነው ማለት አላዋቂነትም ድፍረትም ነው። ከእንጦጦ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለጠበል ወደ ተራራው በብዛት ይወጡ በነበረበት ወቅት፣ መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም መጠቀም እንደሚገባ ተናገሩ። የዚያ ቃል ዋጋ ለእኔ የገባኝ በገዛ ጥፋቴ ነው።

አንድ ጊዜ በአካባቢው ለተሰበሰቡ ወላጆች ስናገር፣ ንግግሬን ለማሳመር ብዬ «አእምሮ ሰውነትን ያዝዛል» አልሁ። ከአድማጮቹ አንዱ የሚጥል በሽታ ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባት ነበሩ። ልጁ ፌኖባርቢታል ይወስድ ነበር። አባትየው ነገሬን በልባቸው ይዘው ሄዱ፤ በአእምሮ ከታዘዘ ክኒን ለምን? ብለው አቋረጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ተደጋጋሚ ጥቃት ደርሶበት ምድጃ አጠገብ ወደቀ። በሕይወት ተረፈ፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም። አባትየው ወደ እኔ የመጡት ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ልጁን በሂፕኖሲስ እንዳክምላቸው ነበር። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉት?» አሉኝ። እኔ ነበርሁ። ልጁን ወደሚመለከተው ሐኪም ይዣቸው ሄድሁ፤ መድኃኒቱም እንደገና ተጀመረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሽተኛ ሲመጣ አስቀድሜ የምናገረው ስለማይሆነው ነው። ሂፕኖሲስ የሚጥል በሽታን፣ ስኳርን፣ የደም ብዛትን፣ ሳንባ ነቀርሳን አያድንም። የታዘዘ መድኃኒት በእርሱ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም። ድምፅ የሚሰማው ወይም ሐሳቡ የተዛባበት ሰው ደግሞ በቅድሚያ የአእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ለዚህ በአካባቢያችን የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በከተማው ደግሞ የአማኑኤል ሆስፒታል አሉ። ምክንያቱ ሳይመረመር ሕመምን ማደብዘዝም አደገኛ ነው፤ የትርፍ አንጀት ሕመም ራቅ ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ለበሽተኛው ውለታ አይደለም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሂፕኖሲስ ለመስጠት አልሠለጠናችሁም፤ ሳይሠለጥኑ መሞከሩንም አልመክርም። ነገር ግን በመርፌና በፋሻ ፊት ያለ በሽተኛ፣ ማንም ሳያደርግበት፣ ትኩረቱ ወደ አንድ ነጥብ ተሰብስቧል። ያን ጊዜ የምንናገረው ሁሉ ጥቆማ ነው። ላንግና ባልደረቦቿ የሕክምና ክፍል ቪዲዮዎችን መርምረው በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት «አሁን ይወጋሃል»፣ «ያቃጥልሃል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሕመሙንም ጭንቀቱንም ያባብሳል። እኛስ «ትንሽ ያምማል፣ ቻይው» የማንል ማን አለን? «ምንም አያምም» ማለት ደግሞ ውሸት ነው፤ አንድ ጊዜ የተዋሸ በሽተኛ ሁለተኛ አያምነንም። «አሁን ክንድሽን አጸዳለሁ፤ ቀዝቀዝ ይልሻል፤ ትንፋሽሽን በረጅሙ አስወጪ፤ የሚሰማሽን ንገሪኝ» ማለት ግን እውነትም ነው፣ ጊዜም አይፈጅም።

«አይዞህ» ስለሚለው ቃላችን ብዙ አስቤአለሁ። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን መርፌውን ይዘን ስንቀርብ ብቻ የምናወጣው ከሆነ በሽተኛው አደጋ መቅረቡን የሚያውቅበት ደወል ይሆናል። ገና ከበር ሲገባ፣ ምንም ሳይያዝ በፊት ብንለው ሌላ ቃል ይሆናል።

የክንዳቸውን ነገር እንድነግራችሁ እኒያን እናት ፈቃድ ጠይቄአቸው ነበር። ፈቀዱ። ስማቸውን እንዳላነሣና ውሃው ከድንጋዩ በታች መሆኑን እንዳልሳሳት ብቻ አሳሰቡኝ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።